ኩሽኔታው የት ገባ?

(የሥራ ቻትን ከኢአርፒ፣ ማለትም የድርጅቱን መጋዘን፣ ግዥና ሂሳብ አንድ ላይ ከሚይዘው የኮምፒውተር ሲስተም፣ ጋር ስለማገናኘት ደብረ ብርሃን ላይ ለመጋዘን፣ ለግዥ፣ ለሂሳብና ለአይቲ ሠራተኞች ያደረግኩት ንግግር ነው። ሳቁንና ሳሉን አውጥቼዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ። እኔ እዚህ ከተማ መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ጊዜ «ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ እኮ ነው» ብዬ በሸሚዝ ነበር የመጣሁት። ትምህርቴን በዚያው ቀን ጨረስኩ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩ 6205። መካኒኮች ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ፣ የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ የውጩ 52፣ ውፍረቱ 15። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዟቸው፣ ቀዳዳውን ታገኛላችሁ። 05 በ5፣ 25። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር ነው። እሱ ሲሞት ግን ትልቁ ማሽን ይቆማል።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ፋብሪካ ይሄ ዕቃ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሞተ። መካኒኩ ምን አደረገ? እናንተም የምታደርጉትን። ስልኩን አወጣና የቴሌግራም ግሩፑ ላይ «6205 ኩሽኔታ ሞቷል፣ ማሽኑ ቆሟል፣ አስቸኳይ» ብሎ ከነፎቶው ለጠፈ። የፈረቃ ኃላፊው «ኦኬ» አለ። ሥራ አስኪያጁ አውራ ጣት ሰጡ። አንዱ ደግሞ «አይዞን» ብሎ ጻፈ። ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በማግስቱ ጠዋት አንዱ የግዥ ሠራተኛ መርካቶ ወረደ። ሌላው ያንኑ መልእክት አይቷል፣ ጓደኛው መሄዱን ግን አያውቅም። የሚያውቀው ነጋዴ ጋ ደውሎ በሚኒባስ አስላከ። ከሰዓት ሁለቱም እጅ ላይ ኩሽኔታ አለ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ። ሁለቱም ደረሰኝ ይዘዋል። ሁለቱም «ተፈቅዷል እኮ፣ አውራ ጣቱን እየው» ይላሉ።

ይሄኔ እትዬ ከመጋዘን ወጡ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ናቸው። ቢን ካርዳቸውን፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚጻፍበትን ካርድ፣ ይዘዋል። «ልጆቼ፣ ይሄ ዕቃ እኮ አለ» አሉ። 4 ፍሬ። ሲስተሙም ላይ አለ። ነገር ግን ሲስተሙ ላይ የተመዘገበው «ቦል ቤሪንግ» ተብሎ ነው። ኩሽኔታ ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም። ኩሽኔታ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል ነው፣ ልክ እንደ ጣርማ በር ዋሻ። በዋሻው ሁላችንም እናልፋለን። ቃሉ ግን ሲስተሙ ውስጥ መግቢያ አጣ።

ማሽኑ ከማታ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ቆመ። መድኃኒቱ ግቢ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሰኔ 30 አለፈና ሂሳብ ተዘጋ። ኦዲተሯ መጣች። የክፍያ ሰነዱን ስትገልጥ ከጀርባው በስቴፕለር የተመታ ወረቀት አገኘች። የቴሌግራም ስክሪንሾት ነው፣ ያውም በቀለም የታተመ። አውራ ጣቷ ቢጫ ሆና ታበራለች። ኦዲተሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችንና «ይሄ የማን ጣት ነው?» አለች።

እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። ቻት የሚወራበት ቦታ ነው፣ ኢአርፒ ደግሞ የሚጻፍበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እኛ የሚወረሰውን ነገር የሚረሳው ቦታ ላይ ስናስቀምጥ ነበር። ታዲያ ሁለቱን እናገናኝ ስንል የፈለግነው ይህን ብቻ ነው፤ ጥያቄው ሰውየው ባለበት ይምጣለት፣ መልሱ ግን መዝገቡ ውስጥ ይግባ።

ስለ ኢአርፒ ታሪክ ብዙ አላወራም፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካዎች የጥሬ ዕቃ ዕቅዳቸውን ኮምፒውተር ላይ መሥራት የጀመሩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው። ከአይቢኤም የወጡ 5 መሐንዲሶች ጀርመን ውስጥ ኤስኤፒን በ1972 አቋቋሙ። ኢአርፒ የሚለውን ስም ያወጣው ጋርትነር የሚባል አማካሪ ድርጅት ነው፣ በ1990። ቤልጂየሙ ኦዱ በ2005 ጀመረ። ኢአርፒኔክስት ከህንድ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሁሉም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው። መጋዘኑ፣ ግዥው፣ ሂሳቡና ደመወዙ በየደብተራቸው የያዙትን አንድ ደብተር ላይ ያመጡታል።

የሥራ ቻት ገና ልጅ ነው። ስላክ በፈረንጆቹ 2013 ብቅ አለ፣ ቲምስ በ2017። በ2021 ሴልስፎርስ ስላክን በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሴልስፎርስ የደንበኞች መዝገብ የሚሸጥ ድርጅት ነው። የመዝገቡ ባለቤት የወሬውን ቤት ይሄን ያህል ዶላር ከፍሎ ለምን እንደገዛው ለማወቅ የእኛን ኩሽኔታ ማስታወስ ይበቃል።

እኛ ግን ስላክም ቲምስም አልሞከርንም። በሰው ቁጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ክፈሉ ሲባል ስብሰባው ራሱ ተበተነ። ሠራተኛው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ከ2015 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ማንም ሰው ቦት፣ ማለትም ቻት ላይ በራሱ መልእክት የሚቀበልና የሚመልስ ፕሮግራም፣ እንዲሠራ ፈቅዷል። ስለዚህ ቦት ሠራን።

የመጀመሪያው ቦት የእኔ ነው። ጥፋቱም የእኔ። ኢአርፒው ላይ የሆነ ነገር በተነካ ቁጥር ግሩፑ ላይ እንዲለጥፍ አደረግኩት። ዕቃ ገባ፣ ለጠፈ። ዕቃ ወጣ፣ ለጠፈ። ዋጋ ተስተካከለ፣ ለጠፈ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ሰው ድምፁን አጥፍቶታል። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ እንደ ሎተሪ አዟሪ ነው» አሉኝ። አሁን አንድ ሕግ አለኝ። መልእክቱ የደረሰው ሰው የሚያደርገው ነገር ከሌለ አይላክ።

አሁን የምንሠራበትን ላሳያችሁ። መካኒኩ ግሩፑን ትቶ ለብቻው ለቦቱ ይጽፋል፣ «ኩሽኔታ 6205» ብሎ። ቦቱ መጀመሪያ የቅጽል ስሞች ሠንጠረዥ ያያል። ይህን ሠንጠረዥ የሠሩት እትዬ ናቸው፣ ከሁለት መካኒኮች ጋር ቁጭ ብለው። ኩሽኔታና ቤሪንግ፣ ቺንጊያና ቤልት። እኔ ከጻፍኩት ኮድ ሁሉ ይልቅ ገንዘብ ያዳነው ያ ሠንጠረዥ ነው ብል አልዋሸሁም። ከዚያ ቦቱ «መጋዘን ውስጥ 4 ፍሬ አለ፣ መደርደሪያ ለ-3» ብሎ ይመልሳል። ከሥሩ «ጠይቅ» የሚል ቁልፍ አለ። ሲጫነው ኢአርፒው ውስጥ የዕቃ መጠየቂያ በመካኒኩ ስም ይከፈታል፣ ቁጥርም ያገኛል። ያ ቁጥር ለፈረቃ ኃላፊው ይሄዳል። እሱ ጋ ሁለት ቁልፍ ይታያል፣ «ይፈቀድ» እና «ይመለስ»። ይመለስ ካለ ምክንያቱን ይጠየቃል። ከተጫነ በኋላ ቁልፎቹ ይጠፉና በቦታቸው የፈቀደው ሰው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል። እትዬ የወጪ ሰነዱን ያትማሉ፣ መካኒኩ ፈርሞ ይወስዳል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ሞዴል 22 በሉት። ወረቀቱን አላጠፋነውም። ያጠፋነው ወረቀቱን ይዞ ኃላፊ ፍለጋ ግቢ መዞርን ነው።

ሲታይ ቀላል ነው አይደል? አሁን ያስለቀሰንን ልንገራችሁ።

አንደኛው ስም ነው። ቦቱ ኢአርፒው ውስጥ የሚገባበት የተጠቃሚ ስም ያስፈልገዋል። እኛ አንድ ስም ከነሙሉ መብቱ ሰጠነው። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡን ከፈትነው። የፈቀደው፣ ቦት። ቀጣዩን እንይ፣ የፈቀደው፣ ቦት። ከላይ እስከ ታች ቦት ነው። ያችን ቢጫ አውራ ጣት በሌላ መልክ መልሰን አምጥተናታል! ኦዲተሯ ብትመጣ ምን ልንላት ነበር? አሁን ቦቱ ተሸካሚ ብቻ ነው። ጥያቄውን የሚያስገባው በእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ስምና የራሱ መብት ነው። ኢአርፒው ውስጥ መፍቀድ የማይችል ሰው ቦቱ ላይም አይችልም። ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ደግሞ በቦት ጭራሽ አይፈቀድም፣ ኃላፊው ኮምፒውተሩ ጋ ሄዶ ራሱ ይገባል።

ሰውየው ማን እንደሆነ በምን እናውቃለን? በተጠቃሚ ስሙ እንዳትሉ። እሱ በየቀኑ ይቀየራል። አንዱ ልጅ የአርሰናል ተጫዋች ስም ይዞ ከርሞ ቡድኑ ሲሸነፍ ቀየረው። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ አካውንት የማይቀየር ቁጥር ይሰጣል። ያንን እንያዝ። ሠራተኛው አንዴ ሰው ሀብት ቢሮ ይመጣል፣ ከኢአርፒው የወጣ የአንድ ጊዜ ኮድ ይቀበላል፣ ለቦቱ ይልካል፣ ተገናኘ። ሥራ ሲለቅ ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ጨመርንበት፣ «ከቦት ተነስቷል» የሚል።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው ምን ያደርጋል? ደግሞ ይጫናል። «ይፈቀድ፣ ይፈቀድ፣ ይፈቀድ።» አንዴ አንድ ኃላፊ ከደብረ ሲና ሲወጣ መኪና ውስጥ ሆኖ 5 ጊዜ ተጭኗል። ጉም ነው፣ ዳገት ነው፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ቦቱ ጅል ከሆነ 5 ትዕዛዝ ይከፍታል። ቴሌግራም ራሱም ቢሆን የእናንተ ሰርቨር «ደርሶኛል» ካላለው ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ቦቱ ከመጻፉ በፊት ኢአርፒውን ይጠይቅ፣ «ይሄ መጠየቂያ አሁንም ክፍት ነው ወይ?» ብሎ። ከተፈቀደ ሁለተኛው መጫን ምንም አይሠራም። ለመልእክቱም ቴሌግራም የሰጠው ተራ ቁጥር አለ፣ አንዴ ያስተናገዳችሁትን ቁጥር ደግማችሁ አታስተናግዱ። ተሜ ይሄን ትልቅ ስም ሰጥቶታል። እኔ «አንዴ ተናግሬያለሁ» እለዋለሁ።

ሰርቨራችሁ ግቢ ውስጥ ከሆነስ? የአብዛኞቻችሁ እዚያው ነው። ቴሌግራም መልእክት የሚያደርስበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዌብሁክ ነው፣ እሱ መጥቶ በራችሁን ያንኳኳል። ለዚህ ከውጭ የሚታይ አድራሻና ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። ሁለተኛው እናንተ እየሄዳችሁ «አለ ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ነው። እኛ አገር ፖስተኛ ቤት ድረስ መጥቶ አያንኳኳም፣ ሄደን ሳጥናችንን እንከፍታለን። ለግቢ ሰርቨር ይኸኛው ይቀላል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር የለውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቴሌግራም ያልወሰዳችሁትን መልእክት ከ24 ሰዓት በላይ አያስቀምጥም። ዓርብ ማታ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ሰኞ ጠዋት ቢነሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት የተጫነው «ይፈቀድ» ጠፍቷል። ኃላፊው ፈቅጃለሁ ብሎ ተኝቷል። ስለዚህ ቦቱ ሲነሳ ኢአርፒውን ከፍቶ ያልተመለሱ ጥያቄዎችን እንደገና ይላክ። መዝገቡ ኢአርፒ ውስጥ ስላለ ይሄ ይቻላል። ቻቱ ላይ ብቻ ቢሆን ምኑን መልሰን እንልከው ነበር?

ቴሌግራሙ ራሱም ሊጠፋ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በቴሌግራም ብቻ የሚፈቀድ ሥራ ቢኖረን ኖሮ ፋብሪካው ያን ጊዜ ይቆም ነበር። ቦቱ አቋራጭ መንገድ ነው። ዋናው መንገድ ኢአርፒው ነው፣ እሱ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ሦስተኛው የራሳችን ፊደል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። ስሙ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል ያለበት አንድ አቅራቢ ነበረን። ሲስተሙ ላይ አራት ቦታ አገኘሁት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት ነጋዴ። በአንዱ ስም ቅድመ ክፍያ ወስዷል፣ በሌላው ሙሉ ክፍያ ሊጠይቅ ነው። ስለዚህ ቦቱ ሲፈልግ ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ኀን አንድ ያድርጋቸው። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዲሁ። ለፍለጋ ብቻ ነው ታዲያ። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አጻጻፍ አይነካ።

ደግሞ አለ። የቴሌግራም ቁልፍ ከጀርባው መያዝ የሚችለው መረጃ 64 ባይት ነው። ለእንግሊዝኛ 64 ፊደል ማለት ነው። የእኛ አንድ ፊደል ግን 3 ባይት ይበላል። 21 ፊደል ላይ ያልቃል! አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የአቅራቢውን ሙሉ ስም በአማርኛ ቁልፉ ውስጥ ጨመረው። አጭር ስም ያላቸው ነጋዴዎች ጥያቄ ያልፋል፣ የረዥም ስሞቹ አይሄድም። ሁለት ቀን ኔትወርክ ነው ብለን ቴሌን ስንሰድብ ከረምን። ቁልፉ ውስጥ የመጠየቂያ ቁጥሩን ብቻ አስገቡ፣ ሌላውን ከኢአርፒው ያንብብ።

ሰዓቱንማ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያልተፈቀዱትን አስታውስ» ተባልኩ። 3:00 ብዬ ሞላሁ። ቦቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁን ቀሰቀሳቸው። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ምን እንዳሉኝ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ውስጡ በፈረንጅ ይቀመጣል፣ ለሰው ሲታይ በእኛ ይታያል። ቀኑም እንደዚያው። ጳጉሜን ለሲስተሙ 13ኛ ወር ብላችሁ ብትልኩለት አይገባውም።

ስለ ምስጢር አንድ ቃል ልበልና ጥያቄ እቀበላለሁ። ከቦት ጋር የሚደረግ ወሬ በቴሌግራም ሰርቨር ያልፋል፣ «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ለቦት አይሠራም። ስለዚህ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሕክምና ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ በዚያ መንገድ አይሂድ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ አንብቡት። «ደመወዝዎ ገብቷል» ይበቃል፣ ስንት እንደሆነ ባለቤቱ ያውቀዋል። ሌላው ደግሞ፣ ቦት ላይ የተጫነ «ይፈቀድ» የውስጥ ፈቃድ ነው። በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የተነገረው በሰርተፍኬት የተደገፈ ዲጂታል ፊርማ ሌላ ነገር ነው። የባንክ ደብዳቤና ውል በቦት እንዳትጨርሱ።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሁሉን አልጽፈውም።

አንድ ወጣት «እኛ ኢአርፒ የለንም፣ ኤክሴል ነው ያለን፣ ቦቱን ከሱ ጋር ብናገናኘውስ?» አለ። ይቻላል። ግን ኤክሴሉ በሦስት ሰው ኮምፒውተር ላይ በሦስት ዓይነት ከተቀመጠ ቦቱ የቱን ይመን? መጀመሪያ አንድ አድርጉት፣ የዕቃዎቹን ስም አጥሩ። ቦቱ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፣ ስም ማጥራቱ የሁለት ወር። ዋጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ «ስልኬ ቢጠፋስ? ያገኘው ሰው ዕቃ ሊያስወጣ ነው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሰው ሀብት ይደውላሉ፣ ከኢአርፒው ላይ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ስልኩ ለቦቱ እንግዳ ይሆናል። እስኪደውሉ ድረስ ግን አዎ፣ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ስልኩም ቴሌግራሙም የይለፍ ቃል ይኑራቸው። ለልጅ ጌም መጫወቻ ሲሰጡም ያስቡበት። አንድ ጊዜ የ4 ዓመት ልጅ 20 ሊትር ዘይት ፈቅዳልናለች።

በመጨረሻ አንድ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። «ሁሉም ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ኩሽኔታዎቹ የት ገቡ? 4 መጋዘን ነበረ፣ 4 ተገዛ፣ 8። አንዱ ማሽኑ ላይ ገባ። ሰባቱስ?»

ትናንት ማታ ቦቱን ጠይቄው ነበር። ሁለቱ በዚህ ዓመት ወጥተዋል፣ አንዱ ለውኃ ፓምፕ፣ አንዱ ለማራገቢያ። ከነፈቃጁ ስም አሉ። አምስቱ መደርደሪያ ለ-3 ላይ ናቸው። ኩሽኔታም ብትሉ ቤሪንግም ብትሉ ይመጣሉ።